ስለታመሙ ሹማምንት፦ ሕዝብ ሊጠይቀው የሚገባውና የማይገባው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በአስተያየት ዓምዳችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ወደ መንግሥት ኃላፊነት የሚመጡ ሰዎች ከመሾማቸው በፊት ሙሉ የጤና ምርመራ እንዲያደርጉ፣ ሥር የሰደደ ሕመም ወይም የአእምሮ ጤና ችግር የተገኘባቸው ደግሞ «ለራሳቸውም ለሕዝቡም ሲባል» ሹመቱ እንዲቀርባቸው ሐሳብ ማቅረቡን በትኩረት አንብቤአለሁ። ጸሐፊው የተነሡበት ቅሬታ እውነተኛ ነው። ባለጉዳይ ከሥራው አስፈቅዶ፣ ለታክሲ ተሰልፎ ቢሮ ሲደርስ ኃላፊው የለም ይባላል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረው አያገኝም፤ በኃላፊው ምትክ የሚፈርምለትም የለም። እኔ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ወረዳ በኃላፊነት የምሠራ፣ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ እግሬ ቁልቁል የሚወርድ የነርቭ ሕመምና ሐኪም ያረጋገጠው የጭንቀት ሕመም ይዤ ለዓመታት የኖርኩ ሴት ነኝ። ከጠረጴዛው በወዲህ በኩል ሆኜ ስመለከተው፣ ጸሐፊው ያቀረቡት መፍትሔ የሚፈሩትን ነገር የሚያባብስ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ምርመራ ታማሚዎችን ከኃላፊነት አያርቅም፤ ሕመማቸውን አሳምረው መደበቅ የሚችሉትን ብቻ መርጦ ያስገባል።

ስለምን ዓይነት ሕመም እየተነጋገርን እንደሆነ አስቀድሜ ግልጽ ላድርግ። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ መሠረት ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚነሣ የሰውነት ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች አመዳደብም እንዲህ ያለው ሕመም የሌላ በሽታ ምልክት ከመሆን አልፎ ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ መዝግቦታል። የጭንቀት ሕመምን በሚመለከት ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች አብረውት ይኖሩ እንደነበር ገምቷል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ዳኛ፣ ርእሰ መምህር፣ ከንቲባ ወይም ሚኒስትር የሆነ የለም ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ሁለቱ ሕመሞች ደግሞ አንዱ ሌላውን እየጠራ ነው የሚኖሩት። ጭንቀት የአንገትንና የጀርባን ጡንቻ ወጥሮ ይይዛል፣ እንቅልፍም ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ሕመምን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፤ ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ ነገ እንዴት ልውል ነው የሚለው ሐሳብ ጭንቀቱን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ሕመም ለረጅም ጊዜ የኖረበት የነርቭ ሥርዓት ቀላሉን ነገር ሁሉ እንደ አደጋ መቁጠር ስለሚጀምር፣ በኤምአርአይ ፎቶ ላይ የሚታየውና ታማሚው የሚሰማው ብዙ ጊዜ አይመጣጠኑም። ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ቢነሡ በአከርካሪ አጥንቶቻቸው መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ወይም አርጅቶ ሊታይ ይችላል፤ በፎቶው ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር ያልተገኘበት ሌላ ሰው ግን ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል። ቅድመ ምርመራ ይደረግ የሚሉት ጸሐፊ ይህንን ቢያስቡበት እወዳለሁ፤ መሣሪያው የአጥንቱን ሁኔታ ያሳይ ይሆናል እንጂ ማን ሥራውን መሥራት እንደሚችል አይናገርም።

የሥራ ባህላችን ለእነዚህ ሁለት ሕመሞች እጅግ የተመቸ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት የተጀመረ ስብሰባ ማታ አንድ ሰዓት ቢጠናቀቅ ማንንም አያስገርምም። ወገቡን ለታመመ ሰው ሳይነሣ መቀመጥ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ይሁን እንጂ መድረክ መሪው እየተናገረ ሳለ ተነሥቶ ግድግዳ መደገፍ ስብሰባውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። በግምገማ ላይ ደግሞ አንድ ኃላፊ ለምን በመስክ ጉብኝት እንዳልተገኘች አይጠየቅም፤ «ተነሣሽነት ይጎድላታል»፣ «ሥራውን በባለቤትነት አልያዘችውም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ያ መዝገብም ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በሄዱበት ይከተላል። ከሁሉ በላይ ስልኩ አለ። የበላይ ኃላፊ በማንኛውም ሰዓት ሊደውል ይችላል፤ በመጀመሪያው ጥሪ ያላነሣ ሰው ምክንያት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ለዓመታት እንዲህ የኖረ ሰው ስልኩ ሳይጮኽ የጮኸ እየመሰለው ይባንናል፤ ልቡ ይመታል፣ እጁ ያልበዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ልብ ሐኪም ነበር። የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ደኅና ነው ተባልኩ፤ ሐኪሙ ረጋ ብለው ስለ እንቅልፌና ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ነው ነገሩ ሌላ መሆኑን የተረዳሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ባልደረቦቼን መበደል ይሆንብኛል። ስለ ወገቤ የሚያውቁት ሁሉ ቸር ናቸው፤ ወንበር ይለውጡልኛል፣ ፋይል ይሸከሙልኛል፣ እናቶቻቸው የተጠቀሙበትን ቅባት ሳይቀር ያመጡልኛል። ለወገብ ያልተነፈገው ርኅራኄ ግን ለጭንቀት አልተፈቀደም። ለዚህ ነው በየቢሮው ጨጓራ፣ ደም ግፊትና ማይግሬን የበዛው፤ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ስሙን የለወጠ ጭንቀት እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በር ላይ ከመታየት ሩቅ ከተማ ሄዶ በግል ክሊኒክ መታከምን የሚመርጡ የሥራ ጓደኞች አሉኝ። ጸበል ቢሄዱ ማንም አያማቸውም፤ እኔም ጸበል ተጠምቄአለሁ፣ መድኃኒቴንም አልተውኩም፤ አንዱ ሌላውን ሲከለክል አላየሁም።

ስለ ጭንቀቱ ለቅርብ ኃላፊዬ በነገርኳቸው ጊዜ ያዘኑልኝ ከልባቸው ነበር፤ ምክራቸው ግን አጭር ነበር፤ «ለእኔ እንደነገርሽኝ ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ»። አልተቀየምኳቸውም፤ የሚያውቁትን ዓለም ነው የነገሩኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለሹመኛ የተተረተ አይመስልም፤ ሹመኛ በሽታውን ሲገልጥ የሚያገኘው መድኃኒት ሳይሆን ተተኪ ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ ሌላም ይጨመርባታል። ወንዱ ሲታመም «ሥራ አድክሞት ነው» ይባላል፤ ሴቲቱ ስትታመም ግን «ድሮም ለሴት ከባድ ነበር» ተብሎ ከእርሷ በኋላ ለምትመጣዋ ሁሉ ማስረጃ ይሆናል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ የዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩ የነበሩት ሴናተር ቶማስ ኢግልተን፣ ከዓመታት በፊት በድብርት ሆስፒታል ገብተው በኤሌክትሪክ ንዝረት መታከማቸው ሲታወቅ ዕጩነታቸው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ለመልቀቅ ተገደዋል። እኚሁ ሰው በሴናተርነታቸው ግን እስከ 1987 ዘልቀዋል፤ የሚዙሪ ግዛት መራጮች ሕመማቸውን ካወቁ በኋላ ሁለት ጊዜ መልሰው መርጠዋቸዋል። መራጩ ሕዝብ ከፓርቲው መሪዎች ይልቅ የተረጋጋ ነበር ማለት ነው። ጆን ኬኔዲ በበኩላቸው ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት አራት ጊዜ የጀርባ ቀዶ ሕክምና አድርገው ነበር፤ ከልብሳቸው ሥር የወገብ መደገፊያ ይታጠቁ ነበር፤ የአዲሰን በሽታ የሚባለው የአድሬናል ዕጢ ሕመምም ነበረባቸው። በ1960 ምርጫ ወቅት ደጋፊዎቻቸው ይህን በሽታ ክደዋል። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን ሌላ ክፍሉ ነው። ኬኔዲ ለሕመማቸው ማስታገሻ ብዙ መርፌ ይወጉ ነበር፤ በ1961 መገባደጃ ሃንስ ክራውስ የተባሉ ሐኪም መጥተው ጡንቻን የሚያጠናክር ተከታታይ የአካል እንቅስቃሴ ካስጀመሯቸው በኋላ ግን ግልጽ መሻሻል አሳዩ። የዓለምን ኃያል አገር የሚመሩ ሰው በሥራ ሳምንታቸው መካከል ለእንቅስቃሴ ሰዓት ሊመድቡ ከቻሉ፣ አንድ የወረዳ ኃላፊ ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ከስብሰባ ብትወጣ መንግሥት አይፈርስም።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ መደበቅ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከማንም በላይ እናውቃለን። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. በጽኑ ሕመም ተመትተው መናገርና መንቀሳቀስ ከተሳናቸው በኋላ አገሪቱ ንጉሥ ያላት እየመሰለች ያለ ንጉሥ ዓመታትን አሳለፈች። እቴጌ ጣይቱ በባለቤታቸው ስም ሲያዝዙ ቆይተው በመጋቢት ወር በመኳንንቱ ከሥልጣን ተገለሉ፤ አልጋ ወራሹ ልጅ ኢያሱ ገና ልጅ ነበሩ፤ እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝቡ በአዋጅ አልተነገረም። በእነዚያ ዓመታት አገሪቱን የጎዳት የንጉሡ መታመም አልነበረም፤ መታመም የሰው ነው። የጎዳት ማን እንደሚያዝዝ በግልጽ አለመታወቁ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2004 ዓ.ም. ክረምት ከሕዝብ ዕይታ ሲርቁ፣ እየተሻላቸው ነው፣ በቅርቡ ወደ ሥራ ይመለሳሉ ሲባል ቆይቶ ነሐሴ 15 ቀን ማረፋቸው ተነገረ። በዚያ ክረምት በየካፌውና በየታክሲው ሲወራ የነበረውን ያስታወሰ ሰው፣ ባለሥልጣን ያልሞላውን ዝምታ አሉባልታ እንዴት እንደሚሞላው አይጠፋውም።

በሌላ መንገድ የተጓዘ አንድ ምሳሌ አለ፤ ይህንን ደብዳቤ የጻፍኩትም በአመዛኙ ስለ እርሱ ብዬ ነው። የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሼል ማግነ ቦንዴቪክ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1998 መገባደጃ ላይ በድብርት ምክንያት ሥራ መሥራት እንዳልቻሉና የሕመም ፈቃድ እንደወሰዱ ለሕዝብ በግልጽ አስታወቁ። የሚገርመው መናገራቸው ብቻ አይደለም። በዚያው ጊዜ የካቢኔ ባልደረባቸው አኔ ኤንገር ላንስታይን ተጠባባቂ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሥራውን ተረከቡ፤ ሦስት ሳምንት ያህል ካገለገሉ በኋላ ቦንዴቪክ ተመልሰው ወንበራቸውን ያዙ። መንግሥታቸው እስከ 2000 ቆየ፤ በ2001ም እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው እስከ 2005 መርተዋል። በቅርቡም፣ በ2023፣ የአሜሪካዋ የፔንሲልቬንያ ግዛት ሴናተር ጆን ፌተርማን በድብርት ሆስፒታል ገብተው ሲታከሙ ለመራጮቻቸው ከመጀመሪያው አስታውቀው ነበር። ኖርዌይ ሀብታም ናት፣ እኛ ድሆች ነን የሚል መልስ ሊሰጠኝ ይችል ይሆናል። ተጠባባቂ መሰየም ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ገጽ ደብዳቤና ማኅተም ነው።

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው የምለየው። እርሳቸው የሹሙን ሰውነት ሕዝብ እንዲያውቀው ይፈልጋሉ፤ እኔ ደግሞ ሕዝብ የማወቅ መብት ያለው የወንበሩን ሁኔታ ነው እላለሁ። ኃላፊዋ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በሕመም ፈቃድ ላይ ናት፣ በእርሷ ቦታ የሚፈርሙት እኚህ ናቸው፣ ሥልጣናቸውም እስከዚህ ድረስ ነው የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ቢለጠፍ ባለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። ዲስኬ ስንተኛው እንደሆነ ወይም ማታ ማታ የምውጠው ኪኒን ምን እንደሚባል ማወቁ ይዞታውን አያረጋግጥለትም፣ መታወቂያውንም አያድስለትም። በተግባር የማየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ስለ ሕመሜ ግማሽ ወረዳ ያወራል፣ በሌለሁበት ቀን ማን እንደሚፈርም ግን በጽሑፍ የሚያውቅ የለም። ውክልና መስጠት ሥልጣን እንደ መልቀቅ ስለሚታይ፣ ብዙ ኃላፊ ቲተሩንና ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ሐኪም ቤት ይሄዳል።

ከሌላው ወገን የሚመጣውንም ክርክር አላልፈውም። ከነሕመሙ መሥራት የማይገባው ሰው አለ። ሕመሙ ወይም መድኃኒቱ የማመዛዘን ችሎታውን የሚነካበት፣ ሕክምና የማይቀበል፣ ወይም ውሳኔው የሰው ሕይወት የሚወስን ሆኖ ሳለ በየቀኑ መገኘት የማይችል ሰው ወንበሩን መልቀቅ አለበት። ይህንን መወሰን ያለበት ግን ሥራውን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የሕክምና ቦርድ የሚሰጠውን ማስረጃ ይዞ ነው፤ ግምገማ ላይ በእጅ ብልጫ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። እኔ ራሴ ሕመሙ በበረታብኝ ቀን የቤት ማፍረስ ወይም የሠራተኛ ቅጣት ውሳኔ አልፈርምም፤ ለማግስቱ አቆየዋለሁ ወይም ለምክትሌ አስተላልፋለሁ። ጤነኛ የሆነ ኃላፊ በተናደደበት ቀን ይህንኑ ቢያደርግ ለባለጉዳዩ ይበጅ ነበር። ጭንቀት ያለበት ሰው ራሱን ስለሚጠራጠር ሰነድ ሁለት ጊዜ ያነብባል፤ ይህ በጎነት ነው ብዬ ልመጻደቅ አልፈልግም፣ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ ሥራ ያጓትታል። ነገር ግን ጤነኛ የሚባሉት ኃላፊዎች ሳያነብቡ የፈረሙትን ስናስተካክል የምንውልበት ቀንም ጥቂት አይደለም።

ሕጉስ ምን ይላል ለሚል አንባቢ፣ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። አዋጁ በጉዳት ምክንያት ከሥራ ዕድል ማግለልን ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ለሠራተኛው ሁኔታ ማስተካከልንም የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። የፋብሪካ ሠራተኛው የሚጠብቀውን ያውቃል። በአመራር ላይ ያለን ሰዎች ግን ፈቃድን የምናየው እንደ አለቃ ችሮታ ነው፤ ማን ለምን እንደጠየቀም ይታወስብናል።

የሕክምናውን ነገር በአጭሩ ብቻ አነሣለሁ። ለሁለቱም ሕመሞች የሚሠራ ነገር አለ፤ ቀስ በቀስ የሚጨምር የአካል እንቅስቃሴ፣ በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ በአነስተኛ መጠን ለነርቭ ሕመም፣ ከፍ ባለ መጠን ለድብርት የሚታዘዙ መድኃኒቶች። እንደ ዲክሎፌናክ ያለውን ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ ትራማዶልም ሱስ እንደሚያስይዝ እየታወቀ፣ ስብሰባ ላለማቋረጥ ሲሉ በእነዚህ የሚውሉ ኃላፊዎችን አውቃለሁ። ፊዚዮቴራፒ ሰዓት ይፈልጋል፤ ኪኒን ግን በስብሰባ መካከል በውኃ ይዋጣል። ምርጫውን የሚያዛባው ይህ ነው።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደፊት አንድ ባለሥልጣን ታሟል የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ፣ ዘጋቢዎቻችሁ ምን አሞት ነው ብለው ከመጠየቃቸው በፊት ተወካዩ ማን ነው፣ ውክልናው በጽሑፍ ተሰጥቷል ወይ፣ ከመቼ እስከ መቼ ነው ብለው መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁልን፤ መልስ ከሌለም መልስ እንደሌለ ያትሙት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች እንዲህ ያለው ጥያቄ በየጊዜው እንደሚመጣባቸው ካወቁ ደብዳቤውን አስቀድመው ማዘጋጀታቸው አይቀርም። ስሜንና የወረዳዬን ቁጥር ግን እንዳታወጡብኝ አደራ እላለሁ፤ የሚቀጥለው ግምገማችን በዚህ ወር መጨረሻ ነው።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፤
ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ የታወቀ፣ ከአዲስ አበባ